ግማሽ ነው ያለኝ ጠቋሚ

«በግምት ንዳ» የሚለውን ምክር የፈለሰፈው ማን እንደሆነ ባውቅ፣ ቤቱ ድረስ ሄጄ ደጁ ላይ ቆሜ እከራከረው ነበር። በግምት ጨው የሚጨምር አለ፤ ይጨምር። በግምት የሰው ዕድሜ የሚናገር አለ፤ ይናገር። መኪና ፊቷ ላይ የነዳጅ መለኪያ ጌጅ የተገጠመላት ግን እንዳንገምት ተብሎ ነው። ይህን ስል የሚስቁብኝ ሰዎች እዚሁ ንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ አሉ። ይሳቁ። ሳቅ ይደክማል፤ እኔ ግን አልደከመኝም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። አንዲት ነጭ፣ ማለቴ ድሮ ነጭ የነበረች፣ በናፍጣ የምትሄድ ፒካፕ አለችኝ። ዕድሜዋ ከተማሪዎቼ ሁሉ ይበልጣል፤ ከአንዳንዶቹ ግን በተሻለ ትታዘዛለች። መስታወቷ በእጅ ተገፍቶ ነው የሚዘጋው። የሾፌሩ በር በኃይል ካልተወረወረ አይገጥምም። ጥሩምባዋ የሚሰማው ወደ ቀኝ ስንታጠፍ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ችዬ፣ ከእሷ ጋር ተስማምተን ኖረናል። ሁሉም ነገሯ ቢያረጅ የነዳጅ ጌጇ ታማኝ ናት ብዬ አምን ነበር። ሰው አንድ ነገር ማመን አለበትና።

ታናሽ ወንድሜ ስለሺ ስማዳ ውስጥ የግብርና ባለሙያ ነው። እዚያው እናትነሽ የምትባል የጤና ባለሙያ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። የቀረው አባቷ ናቸው። አያ ቢያድግልኝ ይባላሉ፤ ገበሬ ናቸው፣ ቃላቸው እንደ ወይራ የማይታጠፍ። ወጉ ሽማግሌ መላክ ነውና ሦስት ሽማግሌዎች አዘጋጀን። ሁለቱ ያባቴ ወንድሞች ናቸው። ሦስተኛውና አፈ ጉባኤያቸው መሪጌታ ልሳነወርቅ፣ እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ደብር ድጓ ሲያስተምሩ ኖረው አሁን እኛ ከተማ ልጃቸው ዘንድ የተቀመጡ ትልቅ ሰው ናቸው። እርሳቸው የመሰከሩት ነገር እንደ ተጻፈ ይቆጠራል። ሾፌሩ ደግሞ እኔ።

ሽማግሌ ማለዳ መድረስ አለበት። ስለዚህ ወፍ ሲንጫጫ ተነሣን። ቁልፉን ስጠመዝዝ ጌጁን አየሁ፤ ግማሽ ነው። ስልሳ ሊትር የሚይዝ ታንከር ግማሽ ሲል ሠላሳ ሊትር አለ ማለት ነው። በሠላሳ ሊትር ስማዳ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ተርፎኝም መንገድ ላይ ለተቸገረ እሰጣለሁ። ይህን አስልቼ ነው የተነሣሁት። አስልቼ! በኋላ «ሳይሞላ ወጣ» ላላችሁኝ ሰዎች ሁሉ፣ ይህችን ቃል አስምሩባት።

ታች ጋይንትን አልፈን ረጅሙን ቁልቁለት ጨርሰን ዳገቱን ስንያያዝ፣ መኪናዋ ሁለቴ አስላት። ሦስተኛውን ሳትስል ዝም አለች። ግራና ቀኝ የስንዴ ማሳ ነው፤ ከፊታችን ዳገት፣ ከኋላችን አቧራችን።

ተናድጄ ወረድሁና በሩን እንደ ወትሮው ወረወርሁት። ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩን ተመለከትሁ። ኮፈን ከፍቶ መመልከት ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ጥገና አይደለም፤ ሐዘን መድረስ ነው።

መሪጌታ በመስኮቱ ብቅ አሉ። «ምን ሆነች?»

«አልገባኝም መሪጌታ።»

«ቀለቧን ሰጥተሃታል?»

«ግማሽ ታንከር ናፍጣ አላት! በዓይንዎ ይዩት እንጂ!»

ሦስቱም ሽማግሌዎች ወደ ጌጁ አንገታቸውን አሰገጉ። ቁልፉን ጠመዘዝሁ። ጠቋሚው ከወደቀበት አልተነሣም። ቀዩ መስመር ላይ ተጋድሟል። መንገዱን ሁሉ ግማሽ ሲለኝ የነበረው፣ ምስክር ሲመጣ ባዶ ነኝ አለ።

«ልጄ» አሉ መሪጌታ በጣም በዝግታ፣ «እኔ የማየው ባዶ ነው።»

«ቅድም ግማሽ ነበር!»

«ቅድም አላየሁትም። ያላየሁትን አልናገርም።»

እንዲህ ያለ ክህደት ከሰው ደርሶብኝ ያውቃል፤ ከጌጅ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ያለፈን አንድ ባጃጅ ብቻ ነበር፤ እሱም ሰውና በግ ተጠቅጥቆበት እንኳን ሽማግሌ ምርቃትም የሚጨመርበት ቦታ አልነበረውም። በእግር ተነሣን። ነጭ ጋቢያቸውን ያጣፉ ሦስት ሽማግሌዎችና አንድ አንገቱን የደፋ የፊዚክስ መምህር ዳገቱን ወጣን። አያ ቢያድግልኝ ደጅ ስንደርስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላ፣ እኛን ሊሰሙ ማለዳ የተሰበሰቡት ዘመዶች ሰልችቷቸው ሄደው፣ ቀሪዎቹም ከብት ሊያስገቡ ተነሥተው ነበር።

ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ መልስ አግኝቶ ተቀመጡ ካልተባለ አይቀመጥም። ቆምን። አያ ቢያድግልኝ ከእግራችን አቧራ እስከ ራሳችን አቧራ ተመለከቱን።

«ማለዳ የሚመጣ ሽማግሌ ነው» አሉ። «ሲመሽ የሚመጣ ጅብ ነው። እናንተ የትኞቹ ናችሁ?»

መሪጌታ እውነቱን ተናገሩ። መኪናዋ ነዳጅ ጨርሳ መንገድ ላይ እንደቀረች፣ በእግር እንደመጣን፣ ይቅርታ እንደምንጠይቅ።

«ሾፌሩ ማን ነው?»

«የልጁ ወንድም። ይኸው።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይገባኝ ነበር። ጅል ሰው ግን ዝም የሚልበትን ቦታ የሚያውቀው ካለፈው በኋላ ነው። «ነዳጅ ሳልሞላ አልወጣሁም!» አልሁ። «ግማሽ ነበር! ጌጁ ግማሽ ነው ብሏል!»

አያ ቢያድግልኝ ወደ መሪጌታ ዞሩ። «እርስዎም ግማሽ ሆኖ አይተውታል?»

መሪጌታ መሬት መሬት አዩ። «እኔ ያየሁት ባዶ ሆኖ ነው» አሉ።

ከቀሩት ዘመዶች አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም። አያ ቢያድግልኝ ግን አልሳቁም። «እኔ በመኪናው አልተቀየምሁም» አሉ። «ብረት ነው፤ ይቆማል። የተቀየምሁት በቃሉ ነው። ባዶውን ግማሽ ነው ከሚል ቤት ልጄን ብሰጥ፣ ነገ ጎተራችን ግማሽ ነው ተብላ ባዶ ጎተራ ላይ ትገባለች። ከዐሥራ አምስት ቀን በኋላ ካሰባችሁበት ተመለሱ። መመለስ ካላሰባችሁም አልቀየምም።»

በጎን በኩል ባለው መስኮት የእናትነሽን ፊት አየሁት። የኔን ግን እሷ ባላየችው።

በማግሥቱ ስለሺ ከስማዳ ጄሪካን ናፍጣ ተሸክሞ መኪናዋ ወደቆመችበት መጣ። ናፍጣውን ወደ ታንከሩ ሲገለብጥ የሚንቆረቆረው ድምፅ ብቻ ነው የወቀሰኝ። ወንድሜ በክፉ ቢናገረኝ ይቀለኝ ነበር። «ወንድሜ፣ አረጋግጥልሃለሁ» አልሁት። «ጌጁ ዋሽቷል። ሳይንስ ነው፤ አስመሰክራለሁ።»

«ሚስት ነው የፈለግሁት» አለ ስለሺ፣ «ሳይንስ አይደለም።»

ወሬ ከኛ ቀድሞ ንፋስ መውጫ ገባ። ሳምንት ሳይሞላ ስም ወጣልኝ። ባጃጅ ሾፌሮች ባጠገቤ ሲያልፉ «ግማሼ!» ይሉኛል። ሱቅ ሄጄ ዘይት ስጠይቅ «ሙሉ ነው ግማሽ?» ተባልሁ። ክፍል ገብቼ ስለ ፈሳሽ ግፊት ሳስተምር ከኋላ አንዱ ፍልቅ ብሎ ሳቀ፤ ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ በፈተና እናገኛለን። ጓደኛ ነን የሚሉትም «በቃ ተሳስቻለሁ በልና ይለፍ» አሉኝ። ለምን? ባልተሳሳትሁበት ለምን ተሳስቻለሁ እላለሁ? ዛሬ በናፍጣ ያላጠፋሁትን ካመንሁ፣ ነገ በሌላም ያላጠፋሁትን እመን እባላለሁ።

መጀመሪያ የሄድሁት መካኒክ ካሳሁን ዘንድ ነው። ካሳሁን እጁ ፈጣን፣ አፉ ከእጁ የፈጠነ ሰው ነው። ታንከሩ ውስጥ ያለውን ተንሳፋፊ አወጣው። ቀላል ነገር ነው፤ ጫፉ ላይ ክብደት የሌላት ኳስ መሰል ነገር ያለችበት የሽቦ ክንድ ናት። ነዳጁ ሲጨምር ትንሳፈፋለች፣ ሲጎድል ትወርዳለች። ክንዷ ከፍና ዝቅ ስትል ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት መንገድ ይቀላል ወይም ይከብዳል፤ ጌጁ ያንን ክብደት ነው የሚያነበው። ካሳሁን የቴስተሩን፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ሁለት ሽቦ አገናኝቶ ክንዷን ላጥ አድርጎ አነሣት፣ ላጥ አድርጎ ጣላት። ቁጥሩ ቀነሰ፣ ቁጥሩ ጨመረ።

«ምንም የለባትም መምህር» አለ። «ተንሳፋፊዋ ከኔም ከእርስዎም ጤነኛ ናት።»

«ታዲያ ግማሽ እያለችኝ እንዴት ቆመች?»

«አንድ ነገር ልንገርዎ? በዚህ አገር ጌጅ የሚያምን ሾፌር የለም። በግምት ይንዱ።»

አያችሁ? ምክሩ መጣ። «ካሳሁን» አልሁት፣ «ግምት ቢሆን ኖሮ አልከራከርም ነበር። እኔ ያልሁት ግማሽ ነበር ነው።»

«ይለወጥ እንዳልልዎ ዕቃው የለም።»

«ቢኖርም አልለውጠውም። ከለወጥሁት ማስረጃዬ ጠፋ!»

ካሳሁን ያን ጊዜ ያየኝ አስተያየት፣ ሰው ታማሚ ዘመዱን የሚያይበት ነው።

ቤቴ ወስጄ ራሴ ልፈትነው ወሰንሁ። ከትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ቴስተር ፈርሜ ተዋስሁ። ተንሳፋፊዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሁለቱን ሽቦዎች በሁለት እጄ ጣቶች ከጫፎቿ ጋር ጨብጬ ያዝሁ፤ ክንዷን ባፌ ያዝሁ፤ ባገጬ እያነሣሁ አነበብሁ። ቁጥሩ ይዘላል፣ ይወርዳል፣ ይጨፍራል! «አገኘሁት!» ብዬ ጮህሁ። ሚስቴ ጥሩዬ መጥታ ትንሽ አየችኝ።

«ጣትህን ከብረቱ ላይ አንሣ እስቲ» አለች።

አነሣሁ። ቁጥሩ ጸጥ አለ። ስለካ የቆየሁት ከተንሳፋፊዋ ጋር የራሴን ገላ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተመርቄያለሁ፤ ይህንንም ለመደበቅ አልሞክርም፤ ምክንያቱም ጥሩዬ ለጎረቤት ቀድማ ተናግራዋለች።

ሽቦዎቹን በመቆንጠጫ አስሬ እንደገና ሞከርሁ። አሁን እንደ ካሳሁን ሆነ፤ ሲነሣ ቀነሰ፣ ሲወርድ ጨመረ። ጤነኛ። ራሴን ይዤ ቁጭ አልሁ። ለአፍታ፣ ለአንዲት አፍታ ብቻ፣ ምናልባት ያን ማለዳ የዋሸኝ ዓይኔ ይሆን ብዬ ጠረጠርሁ።

ጥሩዬ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ወደኔ ሳትዞር «መኪናዋ ናፍጣውን እንዲህ ባንዴ ላጥ አድርጋ ትጠጣለች?» አለች።

«ምን?»

«ቀስ እያለች አይደል የምትጨርሰው? አንተና ካሳሁን እንደ ሞፈር ታነሣላችሁ ትጥላላችሁ። ቀስ ብላ ስትጎድል ምን እንደምትሆን መች አያችሁ?»

ብድግ ብዬ ግንባሯን ሳምኋት። ሽንኩርቱ ነው መሰለኝ ዓይኔ አለቀሰ።

ትክክለኛው ፈተና ይኸው ነው! ተንሳፋፊዋን ወደ ታንከሩ መልሶ፣ ታንከሩን እስከ አፉ ሞልቶ፣ ሊትር በሊትር እየቀዱ፣ በየሊትሩ ቁጥሩን መጻፍ። ማደያ ተሰልፌ ሞላሁ። ግቢያችን ወደ ታች ያጋደለ ስለሆነ ከግንበኛ ውሃ ልክ ተውሼ፣ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ እየጠቀጠቅሁ መኪናዋን አስተካከልሁ። ዘንበል ያለች መኪና ዘንበል ያለ ውጤት ትሰጣለች። ከታንከሩ ሥር ቧንቧ ገጠምሁ። ናፍጣ ሆኖ ነው እንጂ ቤንዚን ቢሆን ኖሮ ይህን ወግ የምትሰሙት ከሌላ ሰው ነበር።

ምስክር ያስፈልገኝ ነበርና መሪጌታን ለመንኋቸው። «ያላየሁትን አልናገርም ብለዋል። እንግዲያው ይምጡና ይዩ» አልኋቸው። ጋቢያቸውን አጣፍተው ቅዳሜ ጧት መጡ፤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አንድ ሊትር የሚይዘውን ጣሳ መቁጠር ጀመሩ። ጥሩዬ ጋቢና ገብታ ጌጁን ታነባለች፣ እኔ ከታች ቴስተሩን አነባለሁ፣ ስለሺ ጣሳ ጣሳውን ጄሪካን ውስጥ ይገለብጣል። ስለሺ የመጣው ሊያግዘኝ ሳይሆን ተስፋ የቆረጠ ሰው ቤት መቀመጥ ስለሚከብደው ነው።

«አሐዱ!» አሉ መሪጌታ። «ክልኤቱ! ሠለስቱ!»

ሰባተኛው ላይ የግቢው በር ተንኳኳ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው፤ ደብተርና ዱላ ይዟል። ግቢውን አየ፤ ጄሪካን በጄሪካን፣ ቧንቧ፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት አየር።

«መምህር» አለ አዝኖ፣ «ናፍጣ በድብቅ ይቸረችራሉ ተብሎ ጥቆማ ደረሰኝ። አላመንሁም ነበር።»

«አይመኑ! ፈተና ነው!»

«የማን ፈተና?»

«የተንሳፋፊ!»

ሊቀመንበሩ ወደ መሪጌታ ዞረ። ከእኔ ይልቅ እርሳቸውን ማመን ልማድ ሆኗል። መሪጌታ ጣታቸውን አንሥተው «ቁጥሬን አታፍርስብኝ» አሉት። «ሰባት ላይ ነኝ። ያየኸውን ለመጻፍ መጥተሃል አይደል? ቁጭ በልና ጻፍ።»

ቁጭ አለና ጻፈ። እንዲህ ነው የዚህ ፈተና ጸሐፊ የተገኘው።

ሠላሳኛው ጣሳ ላይ ጥሩዬ «ግማሽ!» ብላ ጠራች። ልክ ነው። ታንከሩ ግማሽ፣ ጌጁ ግማሽ። ቀጠልን። ሠላሳ አንድ፤ «ግማሽ።» ሠላሳ አምስት፤ «ግማሽ።» የቴስተሬ ቁጥር ካለበት አልተነቃነቀም። ልቤ ግን ተነቃነቀ። አርባኛው ላይ «ግማሽ» ስትል ድምፅዋ ተለውጧል። መሪጌታ «አርብዓ» ያሉት ከበርጩማቸው ተነሥተው ነው። አርባ አምስት፣ አሁንም ግማሽ! ታንከሩ ውስጥ የቀረው ዐሥራ አምስት ሊትር ነው፤ ጌጁ ሠላሳ ነው እያለ ይምላል። ሃምሳ፣ ግማሽ! ስለሺ ጣሳውን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«የእርስዎ መሣሪያ ይሆናላ የቆመው» አለ ሊቀመንበሩ።

«ሁለቱም እኩል ቆሙ? ጌጁም ቴስተሩም ተማክረው?»

ጥሩዬ «እስቲ እኔም ልየው» ብላ ወረደችና በሩን ወረወረችው። መቼም በዚያች መኪና ሌላ አዘጋግ የለም። ጓ! ቴስተሩ ላይ ቁጥሩ ዘለለ። ሮጬ በመስኮት አየሁ። ጠቋሚው ወደ ታች ተፈጥፍጧል።

ስንት ቀን የፈለግሁት ነገር በአንድ በር ምት ወደቀልኝ። ያን ቀን መንገድ ላይ ተናድጄ በሩን የወረወርሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ነው ሽማግሌዎቹን ጠርቼ ያሳየሁት። የተያዘችውን ክንድ በገዛ እጄ አላቅቄ ነው «እዩ ግማሽ ነው» ያልሁት!

ስለሺ አቀፈኝ፤ ናፍጣ በናፍጣ ሆንን። ሊቀመንበሩ ደብተሩን አጥፎ ሊነሣ ሲል ያዝሁት። «የት ሊሄዱ? ገና ሁለት ጊዜ ይቀረናል።»

«ምን?»

«አንድ ጊዜ የሆነ ነገር አጋጣሚ ነው፤ ሦስት ጊዜ የሆነ ነገር ነው ማስረጃ።»

ጥሩዬ ወደ ሰማይ አየች። መሪጌታ ግን «ሦስት መልካም ነው» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። እንደገና ሞላን፣ እንደገና ቀዳን፤ በሁለተኛውም ያዘ፣ በሦስተኛውም ያዘ፣ ሁለቴም በሩን ወርውረን አስለቀቅነው። ሲያበቃ ሊቀመንበሩ የጻፈውን ፈረመልኝ። ማህተሙ ቢሮ ነው ብሎ ሳያትም ቀረ፤ በዚያም ተከራከርን፤ እሱን ልተወው።

ተንሳፋፊዋን አውጥቼ መረመርሁ። ክንዷ የምትዞርበት ቦታ መሃሉ ላይ ተበልቶ ጎድጎድ ብሏል። በፍጥነት ሲያልፉት አይታወቅም፤ ቀስ ብላ ስትወርድ ግን እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ትቀመጣለች። በየቀኑ የምንወረውረው በርም አያላቅቃትም፤ ናፍጣው ሊያልቅ ሲል ብቻ አንድ ምት ይበቃታል።

በቀጠሮው ቀን ማለዳ፣ በጣም ማለዳ፣ አያ ቢያድግልኝ ደጅ ቆምን። ታንከሩን አፍ ድረስ ሞልቼ፣ ትርፍ ጄሪካን ጭኜ ነበር። ስለሺም ወጉ ባይሆንም አላስችል ብሎት ከኋላችን ቆሟል። ተንሳፋፊዋ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ ኪሴ ውስጥ ናት። ዘመድ አዝማድ እንደገና ተሰብስቧል።

«ዛሬስ ጠቋሚው ምን አለ?» አሉ አያ ቢያድግልኝ። ግቢው በሳቅ ሞላ።

መሪጌታ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጡ። «ያን ቀን ያየሁትን ተናግሬ ነበር። አሁንም ያየሁትን እናገራለሁ። ሦስት ጊዜ ቆጥሬ አይቻለሁ። ልጁ አልዋሸም፤ ጠቋሚው ነው የዋሸው።» ሳቁ ቆመ።

ወረቀቱን ዘረጋሁ። አያ ቢያድግልኝ በእጃቸው ገፉት። «ወረቀት የጻፉበትን ይናገራል። ዕቃውን አምጣ።»

ተንሳፋፊዋን ሰጠኋቸው። እንዴት እንደምትሠራ ላስረዳ ስጀምር በዓይናቸው ዝም አሰኙኝ። ዕርፍ ጨብጦ የኖረ እጅ ነው፤ አፈሩ ድንጋይ ይኑርበት አይኑርበት ሳይቆፍር የሚያውቅ። ክንዷን በሁለት ጣት ይዘው ቀስ፣ በጣም ቀስ አድርገው አወረዷት። መሃል ላይ ሲደርሱ ቆሙ። መለሷት። እንደገና አወረዷት።

«እዚህ ላይ ይይዛል» አሉ።

ስንት ቀን የፈጀብኝን የቴስተር ፈተና በሁለት ጣት ጨረሱት። ቅር አላለኝም፤ እንዲያውም ልስማቸው ምንም አልቀረኝ።

«እሺ» አሉ ዕቃውን እንደያዙ፣ «ይህ ሸንጋይ ነው። አንተስ? ከዚያ ቀን በፊት ከቶ አልጠረጠርኸውም?»

እስካሁን ለናንተም ያልነገርኋችሁ ነገር አለ። ለማንም አልነገርሁም። ከመንገዱ በፊት በነበረው እሑድ ጥሩዬ «ይህ ጠቋሚ ሳምንቱን ሙሉ ከግማሽ አልተነቃነቀም፤ አሳየው» ብላኝ ነበር። እኔስ ምን አልኋት? ደረቴን ነፍቼ «የኔ መኪና ናፍጣ ቆጣቢ ናት» አልኋት።

ሰው ሁሉ ያየኛል። ስለሺ ያየኛል። ወረቀቱ ላይ ይህ የለም፤ ዝም ብል ማንም አያውቅም። ግን ስለ ቃል ልሟገት መጥቼ ቃል ልደብቅ?

«ሚስቴ ነግራኝ ነበር» አልሁ። «አልሰማኋትም። ጠቋሚው ደስ የሚለኝን ስለነገረኝ እሱን አመንሁ።»

ስለሺ ግንባሩን በመዳፉ መታ።

አያ ቢያድግልኝ ተንሳፋፊዋን በጨርቋ ጠቅልለው መለሱልኝ። «ማንም ሳያስገድደው ጉድለቱን የሚናገር ሰው ያለበትን ቤት አልፈራም» አሉ። ከዚያም ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው «ተቀመጡ» አሉ።

እልልታው ከጓዳ ወጣ። እናትነሽ መሆኗን ያወቅሁት እንደ ሙሽራ አፍራ ሳትደበቅ በመስኮቱ ብቅ ብላ ስላየኋት ነው። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ዘመዶች ተቀመጡ። እኔም ልቀመጥ ጎንበስ ስል፣ አያ ቢያድግልኝ ፈገግ ብለው እንዲህ አሉ፦

«ታዲያ መምህር፣ ነዳጅ ሳትሞላ መውጣትህንም አብረህ እመንና ይለፍ።»

ቀጥ አልሁ። «አላምንም!»

መሪጌታ ጋቢዬን ጎተቱኝ። «ተው አንተ! ተቀመጡ ተብለናል!»

«ሚስቴን አለመስማቴን አምኛለሁ። ግን ሳልሞላ አልወጣሁም! ግማሽ ነው ብሎኝ ነው የወጣሁት! ይህ ካልተነሣልኝ አልቀመጥም!»

ስለሺ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አያ ቢያድግልኝ ትክ ብለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ዓይናቸው ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ነው እያልሁ ጸለይሁ።

«ከፈለግህ ቁም» አሉ። «ልጅቱ ግን ተሰጥታለች።»

ቆምሁ። የበጉን ወጥም ቆሜ በላሁ፤ ሁለት ጊዜ ተጨመረልኝ።